ሳንናገር የምንናገረው



በአንድ ጁምዓ ከአንዋር መስጊድ ሰግጄ እንደወጣሁ ለእናቴ የቀሚስ ጨርቅ ልገዛ እዚያው መርካቶ አንድ ሱቅ ጎራ አልኩ። ነጠላቸው የነተበ አንዲት እናት ቀድመውኝ ቆመው ዋጋ ይጠይቃሉ። ባለሱቁ ቀና አላለም። በአገጩ ወደ መደርደሪያው አመለከታቸውና ሒሳቡን መደመር ቀጠለ። እኔ ሙሉ ልብስ ለብሼ ነበር። ገና ደፉን ስረግጥ ብድግ አለ፤ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ወንበርም ጠረገልኝ። እናታችን ቀስ ብለው ወጡ። አንድም ክፉ ቃል አልተነገራቸውም። እኔም ተቀመጥኩ፤ ጨርቁንም ገዛሁ።

ይህ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለ ነጋዴ አንደበት ብዙ ተብሏል። መሐላ ሸቀጥን ቢያሸጥም በረካውን እንደሚያጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ «ወላሂ በመግዣው ነው» የሚለው ሁሉ ይህን ያውቃል። ልለፈው። እኔን ያሳሰበኝ ቃል የሌለው ንግግራችን ነው።

ሱረቱ ዐበሳን እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ እስልምና በመጥራት ተጠምደው ሳለ፣ ዓይነ ስውሩ ሶሐባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ሊማሩ መጡ። ነቢዩ ፊታቸውን አጨፍግገው ዞር አሉ። ልብ በሉ! ክፉ ቃል አልወጣም፤ መጪውም ያንን ፊት ማየት አይችሉም ነበር። ያም ሆኖ ከአላህ ዘንድ ወቀሳ ወረደ። ያውም ለዲን ጥሪ ተብሎ እንጂ ለትርፍ አልነበረም። እኛ ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ ብለን፣ ዓይኑ እያየን ከሰው ፊታችንን ስናዞር ምን ልንባል ነው?

የፊቅህ ሊቃውንትም ምልክትን እንደ ቀላል አላዩትም። በታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብ አቋም ሽያጭ እንዲጸና የሻጭና የገዢ ቃል ያስፈልጋል። ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ግን ሳይነጋገሩ ገንዘብ ሰጥቶ ዕቃ መቀበሉም ውል ነው ይላሉ፤ ከሻፊዒዮች ኢማም ነወዊም ይህንኑ መርጠዋል። መናገር የማይችል ሰው የታወቀ ምልክቱ እንደ ቃሉ ይቆጠርለታል። በሶማሌ የግመል ገበያ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ በጣት ብቻ ዋጋ ሲቆርጡ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ጣት ግመል ከሸጠ፣ አገጭ ሰው ማዋረዱ ለምን አይቆጠርም?

ዕቃ አደራደርም ይናገራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ አገኙ። ሻጩ ሲጠየቅ ዝናብ እንደመታው ተናገረ፤ በአፉ አልዋሸም። ግን ደረቁን ከላይ ማድረጉ ማታለል ሆነበት።

ነጋዴ ወዳጆቼ «መቶ ሰው ዋጋ ጠይቆ ሁለቱ ብቻ ሲገዙ እንዴት ለሁሉም ፈገግ እንላለን?» ይሉኛል። ድካማቸው እውነት ነው። ታዲያ ፈገግታ ሰደቃ የተባለው ወጪ ስላለው አይደል? ለእኔ የተሰጠው ፈገግታ ግን ሰደቃ አልነበረም፤ ለኪሴ የተከፈለ ቀብድ ነበር።

ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። ባለሱቁ እንዳየኝ ተነሳ። ስለ እኚያ እናት ስጠይቀው «የትኛዋ?» አለ። አላስታወሳቸውም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ተራቸውን የወሰድኩት እኔ እንደነበርኩ ነገርኩት። ዝም አለና ካልኩሌተሩን ወደ ጎን አደረገ። ያኔ ልጅ ያዘለች ሴት በሩ ላይ ቆማ ዋጋ ጠየቀች። ቀና አለ።