የማይጠይቅ አበዳሪ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ አጭር ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ ሙሉ ውል ይዟል። አንደኛው ወገን ያበላል፤ ሌላኛው ይጮኻል። የግቢው ጌታ ፍርፋሪውን፣ አጥንቱንና ከቆርቆሮ ሥር ያለችውን ጥግ ይሰጣል፤ ውሻው በምላሹ ሌሊቱን፣ ጆሮውንና ጉሮሮውን ይሰጣል። ውሉ ሳይጻፍ፣ ምስክርም ሳይቆምለት በየግቢያችን ሲሠራበት ኖሯል። ተረቱ የማይነግረን አንድ ነገር ግን አለ። ውሻው መብላት ሲያቆም፣ ጩኸቱም ወደ ሳል ሲለወጥ ውሉ ምን ይሆናል? ይፈርሳል? ወይስ ያበላው ወገን እውነተኛ ግዴታ የሚጀምረው ገና ያኔ ነው?

ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ የመጣብኝ አይደለም። በግቢያችን ዘጠኝ ዓመት የኖረ፣ ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ ትልቅ ውሻ ነበረን። ስሙን «ታዘብ» ያሉት አባቴ ናቸው፤ እርሳቸው ባደጉበት አገር ለውሻ የሚወጣ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ጭምር ነበርና። ታዘብ በመጀመሪያ ሌሊት ሌሊት፣ አጥንት እንዳነቀው ሁሉ ደረቅ ሳል ይስል ጀመር። ጉሮሮውን ከፍተን ብናይ ምንም የለም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ ሳህኑን አሽትቶ ፊቱን ማዞር አመጣ። ከልኳንዳ የሚመጣለትን ሳንባ እንኳ፣ ድሮ ገና ከበር ሲሸተው የሚዘልለትን፣ ለድመቷ ተወላት።

የእንስሳት ሐኪሙ በማዳመጫው ደረቱን አዳመጠ፤ ራጅም ተነሣ። ልቡ ሰፍቶ ነበር። የልብ ጡንቻ ሲደክምና ሲለጠጥ ደምን ወደፊት መግፋት ያቅተዋል፤ ያልተገፋው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ፈሳሹም ወደ ሳንባ ይሰርጋል። ያን ጊዜ እንስሳው ይስላል፤ ትንፋሽ ያጠረው ፍጡር ደግሞ ምግብ አያምረውም። ሕመሙ እንደ ዶበርማን፣ ግሬት ዴንና ቦክሰር ባሉ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ይበረታል። እርግጥ ሳል ሁሉ የልብ አይደለም። የሳንባ ምች፣ ዕጢ፣ የማንቁርት መስነፍ፣ በሞቃት አገሮችም በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፍ የልብ ትል ያረጀ ውሻን ያስላሉ። ስለዚህ በሳሉ ድምፅ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ያረጀ ውሻ ሳልና ምግብ መጥላት አንድ ላይ ከታዩበት ግን «ነገ ይሻለዋል» ተብሎ የሚቆይ ነገር አይደለም።

ዘጠኝ ዓመት ለሰው ልጅ የፊደል ዕድሜ ነው፤ ለትልቅ ውሻ ግን እርጅና ነው። ትንንሾቹ ውሾች እስከ 15 ዓመት ሲዘልቁ ትልልቆቹ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ሽማግሌ ይባላሉ። ይህ ትልቅነት ደግሞ በራሱ የመጣ አይደለም። የጀርመን ሼፐርድን ዝርያ ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለው ጀርመናዊ መኮንን በ1899 (እ.ኤ.አ.) ማቋቋም ሲጀምር፣ የፈለገው ለሥራ የሚሆን አካል ነበር። ሌሎቹንም ግዙፍ ዝርያዎች መርጠን ያዳቀልናቸው፣ ደረታቸውን ያሰፋነው፣ ግርማቸው ሌባን እንዲያስፈራ ያደረግነው እኛው ነን። ፈጥኖ የሚያረጀው አካል በከፊል የእጃችን ሥራ ነው።

መድኃኒቱን ይዤ ስገባ የጎረቤታችን አሮጊት እናት በር ላይ አገኙኝ። «ምን ይዘህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ አልዘለፉኝምም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የልጆቼ አባት እኮ በሳል ነው ያለፈው፤ ያኔ ማሳከሚያ አጥተን» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እንዲህ ያለውን ንግግር በፈላስፋ ጥቅስ መሸፈን ነውር ነው። ቢሆንም ፈላስፎቹ ምን እንዳሉ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ በዚሁ በር ላይ ቆመው አልፈዋልና። በ17ኛው መቶ ዘመን ዴካርት እንስሳትን ከሰዓት መዘውር ጋር አስተያይቷቸዋል። በዚያ መንገድ እስከ መጨረሻው ለሚሄድ ሰው የታዘብ ሳል ዘይት ካጣ የበር ማጠፊያ ድምፅ አይለይም። ጄረሚ ቤንታም በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ተቃራኒውን አሰበ፤ ለእርሱ ቁም ነገሩ እንስሳው ማሰቡ ወይም መናገሩ ሳይሆን መሠቃየት መቻሉ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ወደ እኛ ጉዳይ የቀረበው ካንት ነው፤ በሥነ ምግባር ትምህርቱ ስለ ያረጀ ውሻ በቀጥታ አንሥቷልና። ለረጅም ጊዜ በታማኝነት ያገለገለን ውሻ ጌታው እስኪሞት ሊጦረው ይገባል ይላል። ምክንያቱ ግን ያስገርማል። ውሻውን አላገለግል አለ ብሎ የገደለ ሰው በውሻው ላይ የፈጸመው በደል የለም፤ የበደለው በራሱ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት ነው፤ በእንስሳ የጨከነ በሰውም ይጨክናልና። በካንት ዐይን ታዘብ ለሰው ፍቅር መለማመጃ ነው ማለት ነው። ይህ መልስ አያጠግበኝም። በረንዳው ላይ አንገቱን ዘርግቶ አየር የሚለምነው ውሻ እንጂ የእኔ ጠባይ አልነበረም።

ከካንት በፊት የኖረው ግሪካዊው ፕሉታርክ ሮማዊውን ሽማግሌ ካቶን ይወቅሰዋል። ካቶ ያረጀውን በሬና ያረጀውን ባሪያ ሽጡ ብሎ የሚመክር ቆጣቢ ሰው ነበር። ፕሉታርክ ደግ ሰው ፈረሱንና ውሻውን በቡችላነታቸው ብቻ ሳይሆን በእርጅናቸውም ይንከባከባል ሲል ይመልስለታል። አቴናውያን ከተማቸውን ጥለው ወደ ሳላሚስ ሲሻገሩ ከጌታው መርከብ ጎን የዋኘውንና በክብር የተቀበረውንም ውሻ ያነሣል። ይሁን እንጂ ፕሉታርክ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ፍትሕ ለሰው ብቻ ነው፣ ደግነት ግን እስከ እንስሳ ይፈስሳል ይላል።

እኔ የምለየው እዚህ ላይ ነው። ለታዘብ የሚገባው ደግነት አይመስለኝም፤ ዕዳ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ምጽዋት የሚሰጠው ለባሰበት ነው፤ ዕዳ የሚከፈለው ግን ላበደረው ነው። ምጽዋት ሲሆን የጎረቤቴ ንግግር መልስ የለውም፤ ሰው ሳይታከም በሚሞትበት ሰፈር ውሻ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ዕዳ ሲሆን ግን «ከአንተ የባሰበት አለ» ብሎ ያበደረን ሰው ባዶ እጁን መሸኘት አይቻልም።

«ውሻ መቼ አበደረ? ማበደሩንስ መቼ ያውቃል?» ይባል ይሆናል። የሙት ልጅን ንብረት የያዘ ሞግዚትን እናስብ። ሕፃኑ ሂሳብ አያውቅም፤ አይጠይቅም፤ አይከስም። በዚህ ምክንያት የሞግዚቱ ዕዳ ይቀንሳል? እንዲያውም ይከብዳል። «በየቀኑ በልቷል፤ ተከፍሎታል» የሚልም አይጠፋም። ደመወዙን በየወሩ የተቀበለ ዘበኛም ተከፍሎታል፤ ነገር ግን ጉልበቱን ጨርሶ ሲያረጅ ያለ ጡረታ ብናባርረው ግፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ውሻው ደግሞ ከዘበኛው በአንድ ነገር ይብሳል፤ ሌላ ቅጥር ፍለጋ መሄድ አይችልም፤ በሩን የምንዘጋው እኛ ነን።

ዕዳ ሁሉ ግን ልክ አለው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ለውሻ መድኃኒት ይዋል አልልም። ሁሉን መክፈል አለመቻል ግን ምንም ላለመክፈል ምክንያት አይሆንም። ገንዘብ የማይጠይቁ ክፍያዎች አሉ። ከጭስ ማራቅ፤ የውሃውን ሳህን ሞልቶ ማቆየት፣ በተለይ ፈሳሽ የሚያወጣው መድኃኒት ሲሰጠው አብዝቶ ይጠጣልና። ሽንኩርት የበዛበትን ወጥ አለመስጠት፣ ደሙን ይጎዳዋልና። ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ የሰው ማስታገሻዎችን በግምት አለማዋጥ፤ ሊመርዙት ይችላሉና።

የጎረቤቴም ንግግር ቢሆን ክስ አልነበረም። ያልተከፈለ ሌላ ዕዳ መኖሩን ማስታወሻ ነበር። የባለቤታቸውን ማሳከሚያ የወሰደው የእኔ ውሻ አይደለም፤ ለዚያ ሰው ባለዕዳው ማኅበረሰቡ ነበር። ዛሬ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ መሰጠቱ አንድ አገር እንዲህ ያለውን ዕዳ «የእኔ ነው» ብሎ ሊቀበል እንደሚችል ያሳያል። መዝገቡ ሁለት ነው፤ አንዱን መክፈል ሌላውን አይሰርዝም። ለውሻው ከፍሎ በሚስለው ጎረቤቱ በር ዝም ብሎ የሚያልፍም ሂሳቡን ገና አልጨረሰም።

ከሁሉ የከበደው የመጨረሻው ክፍያ ነው። መድኃኒቱ ለታዘብ አራት ወር ሰጠው፤ በላ፣ በሩ ድረስም እየሄደ ተኛ። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ፤ ሳህኑም እንደገና ሞልቶ ያድር ጀመር። በከተሞቻችን ያረጀን ውሻ ከከተማ ዳር ጥሎ መመለስ፣ ሥጋ ውስጥ መርዝ ሸሽጎ ማብላትም የታወቀ ነው። ሁለቱም ከዕዳ መሸሻ ናቸው። የቀረው በሐኪም መርፌ ማሳረፍ ወይም ቀኑን መጠበቅ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ውሸቶች ያደባሉ። አንደኛው፣ ማረፍ የፈለግነው እኛ ሆነን ሳለ «እርሱ እንዲያርፍ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ለመወሰን ድፍረት አጥተን «ነፍስ የፈጣሪ ናት» ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን ከልቡ አምኖ፣ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት አጠገቡ የሚቀመጥለትን ሰው አከብራለሁ። ቃሉን ተናግሮ በሩን ዘግቶ የሚተኛውን ግን አላከብርም።

እኔ ከስሜቴ ውጭ የሆነ መለኪያ ፈለግሁ። ጤነኛ ውሻ በእንቅልፉ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በታች ይተነፍሳል። ታዘብ ተኝቶ 50 ደረሰ። በልቷል? አልበላም። ስሙ ሲጠራ ይነሣል? ጭራው ብቻ ይነሣል። ሐኪሙ ግቢያችን ድረስ መጣ፤ እኔም አንገቱን ይዤለት ነበር። ትክክል መሆኔን የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ። ሊመሰክር የሚችለው ግን እርሱ ብቻ ነበር።

የማይጠይቅ አበዳሪ ከአበዳሪ ሁሉ ይከብዳል፤ ዕዳውን የሚያስታውስለት ከባለዕዳው በቀር ማንም የለምና። በግቢው ያረጀ ውሻ ያለው አንባቢ ዛሬ ማታ ሰዓቱን ይዞ ይውጣ፤ የተኛውን ውሻ አይቀስቅስ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ትንፋሹን ይቁጠርለት። ዕዳ መክፈል የሚጀመረው ከመቁጠር ነው።