ለአህያዋ ስትሟገቱ ባለቤቷን አትርሱ

ልጆቼ፣ አፍ ለሌለው ፍጡር ጠበቃ ልሁን ብላችሁ የተነሣችሁ ሁሉ፣ በማኅበር ተቀጥራችሁም ሆነ በገዛ ጊዜያችሁ የምትደክሙ፣ እስቲ አረፍ በሉና ስሙኝ። ሥራችሁ መልካም ነው። መልካም ሥራም ቢሆን ግን አካሄዱን ካላወቁበት ሰው ያስቀይማል። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ነውና ብዙ አልጭንባችሁም፤ የምመክራችሁ ስለ ባለቤቱ ነው።

አዲስ አበባ እህል በረንዳ አካባቢ ገጣባ አህያ ስታዩ አንጀታችሁ ይላወሳል። ጀርባዋ ተልጦ፣ ዝንብ ወርሮት፣ በላዩ ደግሞ ዳውላ ተጭኖበት። ያን ጊዜ ዓይናችሁ የሚያርፈው ዱላ በያዘው ሰው ላይ ነው። ትቆጡታላችሁ፤ በሰው ፊት ታዋርዱታላችሁ። እሱስ? አንገቱን ደፍቶ ይሰማችኋል፤ መታጠፊያውን ሲያልፍ ግን የዋጠውን ስድብ በአህያዋ ላይ ያወርደዋል። አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። እዚህ ደግሞ ሰው ተፈርቶ አህያዋ ትመታለች። ከቁጣችሁ ያተረፈችው እንግዲህ አንድ ዱላ ጭማሪ ነው።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለውን ተረት አትናቁት። ሰውዬው ቁስሉን አላየውም ብላችሁ ታስባላችሁ? ከእናንተ በፊት አይቶታል። አህያዋ የተኛች ቀን የልጆቹ እራት እንደሚጎድል ከማንም በላይ ያውቃል። ያልገባው ምናልባት ደልዳሉ መሳሳቱ፣ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ፣ በቆዳ መጫኛ ፈንታ የገዛው የናይለን ገመድ ሥጋ መብላቱ ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ደልዳል ላብ አይመጥም፤ ይፈገፍጋል፤ ይልጣል። እንግዲህ «አሳርፋት» ከማለታችሁ በፊት ወፈር ያለ የጥጥ ወይም የሱፍ ደልዳል ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁስሉን ጨው በተጨመረበት ንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚያጥብ አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ አሳዩት። ማረፍ አለባት፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ለእሷ ዕረፍት የሆነው ለእሱ ጾም ነው፤ ይህን ሳታስቡ አትዘዙ። «አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል» የተባለው እኮ እንዲህ ላለው ትእዛዝ ነው።

ይህ የኔ የፈጠራ ምክር እንዳይመስላችሁ። ሪቻርድ ማርቲን የሚባል የአየርላንድ ሰው በለንደን ፓርላማ ውስጥ ለከብት፣ ለፈረስና ለአህያ ሕግ ይውጣ ብሎ ሲነሣ ምክር ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ነገ ደግሞ ለውሻና ለድመት ልታወጣ ነው ብለው አላገጡበት። እሱ ግን ታገሠ፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. በ1822 ጸደቀ። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ እየዞረ ጨካኞችን ራሱ ይከስስ ነበር። የሚገርመኝ ክሱ አይደለም። የተፈረደበት ሰው ድሃ ሆኖ መቀጫው ሲከብደው፣ ማርቲን ከገዛ ኪሱ ያግዘው ነበር ይባላል። ከሳሽም ዋስም! እንዲህ ያለ ሰው ስንት ይገኛል? ሕጉ ከጸደቀ ከሁለት ዓመት በኋላ የተቋቋመውን የመጀመሪያውን የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር የመሠረተው ቄስ አርተር ብሩም ደግሞ በማኅበሩ ዕዳ ታስሯል። ማኅበሩ ግን እስከ ዛሬ አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት እንዲህ ነው።

እንግሊዛዊቷን ዶሮቲ ብሩክንም አስቧት። እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ ስትገባ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ጦር ያገለገሉ ፈረሶች ጦርነቱ ሲያልቅ ለግብፃውያን ተሸጠው፣ አርጅተውና አጥንታቸው ወጥቶ ጋሪ ሲጎትቱ አገኘች። ባለጋሪዎቹን አልሰደበችም። እነሱም ከፈረሶቻቸው ባልተሻለ ኑሮ ውስጥ እንዳሉ አይታለች። በዓመቱ ለአገሯ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ገንዘብ አሰባሰበች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 5,000 ያህል ፈረሶች ከየባለቤታቸው በገንዘብ ተገዙ። አብዛኞቹ ከመዳን ያለፉ ነበሩና፣ ጥቂት ቀን በልተው ጠጥተው ካረፉ በኋላ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1934 ያቋቋመችው ሆስፒታል ያደገበት ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል። ገንዘቡ ባለጋሪው እጅ መግባቱን ልብ በሉ። ፈረሱን ነጥቃው ቢሆን ኖሮ ነገ ሌላ የደከመ ፈረስ ተበድሮ ይገዛ ነበር።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት ይባላል። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. የተዘጋው ሕዝቡ ስላጉረመረመ ነው እንጂ እናንተ ብቻችሁን ጮኻችሁ አይደለም። የአህያ ቆዳ ኤጂያኦ ለሚባል የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ይፈለጋል። ቆዳ ገዢ በገባባቸው የአፍሪካ አገሮች አህያ ሌባ በዛባት፤ ዋጋዋም ድሃ ከማይደርስበት ወጣ። አህያ ከቤት ስትጠፋ ደግሞ እንስራውና የማገዶው ሸክም ወደ እናት ጀርባ ይዞራል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአህያ ቆዳ ንግድን ለማገድ የወሰኑት፣ የአህያዋ ነገር የእናቲቱም ነገር መሆኑ ስለታያቸው ይመስለኛል። እናንተም ስትሟገቱ ከእናቲቱ ጀምሩ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እያልን የራሳችንን ስስት በአፏ ስናስገባባት ኖረናል፤ እሷ ምስኪን እንዲህ ያለችበት ቀን የለም።

ስለ ውሻም እንዲሁ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። መርዝ በትኖ ውሻ መግደል ለእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶው 70ው ያህል ሲከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በባሌ ተራሮች የእረኛውን ውሻ የሚከትቡት ሰዎች፣ ቁጥሩ ከ500 ያነሰውን ቀይ ቀበሮ ለማዳን ነው የተነሡት። እረኛውን «ውሻህን አስወግድ» ቢሉት ኖሮ ግን ማን በሩን ይከፍትላቸው ነበር? ክትባቱ ውሻውንም፣ ልጆቹንም፣ ቀበሮውንም ስለሚጠብቅ ተቀበላቸው።

አሁን ደግሞ ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ልናገር። ገንዘብ ለማሰባሰብ ብላችሁ የቆሰለች አህያና የባለቤቷን ፊት አንድ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ ለዓለም አትበትኑ። ያ ሰው ልጆች አሉት፤ ጎረቤት አለው፤ እድርተኛ ነው። ቁስሉን አሳዩ፣ ደልዳሉን አሳዩ፣ ፊቱን ተዉለት። በስሙ የተሰበሰበ ብር እሱ ዘንድ ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ፣ ሁለተኛ ወደ ደጁ ስትመጡ በሩን ቢዘጋባችሁ አትፍረዱበት።

ለራሳችሁም እዘኑ። ቀን ከሌት ቁስል ሲያይ የሚውል ሰው አንድም ልቡ ይደነድናል፣ አንድም ሰውን ሁሉ ይጠላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ በአንድ ሳምንት የአገሩን ልማድ እለውጣለሁ ብሎ የተነሣ ወጣት በዓመቱ ሥራውን ትቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ተፈራርቃችሁ ሥሩ፤ የዳነችውንም አህያ ሄዳችሁ እዩ፤ በሕመምተኛዋ ብቻ አትክረሙ።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ መልሱ እኔም ዘንድ ሙሉ አይደለም። በአገራችን የአህያ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ያረጀች አህያ ዋጋ የላትም፤ ሲመሽ ከደጅ ትለቀቅና ጅብ ይጨርሳታል። ባለቤቱ ጨክኖ አይደለም፤ ድርቆሽና ፉርሽካ የሚገዛበት ስለሌለው ነው። በዚህ ላይ ወቀሳ ይዛችሁ አትሂዱበት። የጋሪ ነጂዎቹን ማኅበር ወይም የሠፈሩን እድር ሽማግሌዎች ሰብስቡና ጠይቋቸው፦ በወር ከየሰዉ ጥቂት ብር ቢዋጣ፣ ያለ ሥቃይ ለሚያሳርፋት የሐኪም መርፌና ለመቅበሪያው ጉድጓድ አይበቃም ወይ? መጀመሪያ ይስቁባችሁ ይሆናል። አብራችሁ ሳቁ፤ ቡናውንም ጠጡ፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ደግሞ ሐኪሙን ይዛችሁ ተመለሱ።