ከፍትፍቱ ፊቱ

ሰው ለሌላው ሰው በሚሰጥበት ጊዜ ደስ የሚለው ስለ ምንድን ነው? እህል ተሰፍሮ ሲወጣ ጎተራው ይጎድላል፤ ገንዘብ ሲመዘዝ ኪሱ ይሳሳል፤ የሰጪው ልብ ግን በዚያው ሰዓት ሲሞላ ይታያል። በሒሳብ ቢመረመር የማይገጥም ነገር ነው። ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። የመስጠት ደስታ ከወዴት እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው፥ እየሰጠ ወንድሙን ሊያዋርድ ይችላልና ነው።

አንዳንድ ብልኆች ለጥያቄው አጭር መልስ አላቸው። «ሰጪ የሚሰጠው ለገዛ ደስታው ነው፤ ስለዚህ መስጠት ከገበያ አይለይም፤ እንጀራ ሸጦ ምስጋና ይገዛል» ይላሉ። ይህን አሳብ ከሥሩ ሐሰት ነው ብዬ አልጀምርም፤ እንደዚህ የሚሰጡ ሰዎች መኖራቸውን ሁላችንም አይተናልና። ነገር ግን እውነቱ በዚህ ብቻ እንደማያልቅ ያስተማረኝ፥ በመቀሌ ከተማ በወላጆቼ ቤት ያሳለፍሁት የልደት በዓል ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

መቀሌ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መናገሻቸው ያደረጓት፥ ከአፋር ቆላ በግመል እየተጫነ የሚመጣው የጨው ንግድም ያደመቃት ከተማ ናት። በዚያ፥ እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ፥ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያት ጾም ይጾማል፤ በታኅሣሥ 29 ቀንም፥ በዘመነ ዮሐንስ ሲሆን በ28፥ ልደት ይከበራል። በቤታችን በመብራት ያጌጠ ዛፍ ወይም በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ አልነበረም። አባታችን ከሰፈር ሰዎች ጋራ ቅርጫ ይገቡ ነበር። በሬው ታርዶ፥ ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ፥ ዕጣ ወጥቶ ድርሻችን ወደ ቤት ሲገባ፥ ጾሙ ያስመረረን ልጆች ምድጃውን ከብበን እንቆማለን። እናታችን ግን ማንም ሳይቀምስ ከሥጋው ቆርጣ ትጠብስና፥ እንጀራና ሕምባሻ ጨምራ፥ በመሶብ ከድና፥ «ይህን ለአደይ አድርስ» ትለኝ ነበር።

አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እንዲህ ብለን የምንጠራቸው፥ ባላቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸውን በብዙ ድካም የሚያሳድጉ ጎረቤታችን ነበሩ። መልእክቱም ሥርዓት ነበረው። በዋናው መንገድ ሳይሆን በጓሮ በኩል እንድሄድ፥ ክዳኑን በመንገድ እንዳልከፍት፥ «እናቴ ለበዓል ላከችልዎ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንዳልጨምር ታዝዤ ነበር። አደይም በበኩላቸው መሶቡን ባዶ አይመልሱትም። በአገራችን የሰውን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል፥ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ቆሎ፥ ሲያጡ ደግሞ አንድ እፍኝ ጨው ያደርጉበት ነበር።

ጨው ዱሮ አሞሌ ተብሎ እንደ ገንዘብ ያገለገለ ቢሆንም፥ በእኔ ልጅነት በመቀሌ ብርቅ ነገር አልነበረም። ስለዚህ አንድ ቀን፥ «ጨው በቤታችን ሞልቶ የእርሳቸውን ስለ ምን እንቀበላለን?» ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። እርስዋም፥ «እኛ ሁልጊዜ ሰጪ፥ እርሳቸው ሁልጊዜ ተቀባይ ከሆኑ፥ ነገ በምን ፊት ይመጡብናል?» አለችኝ። ጨውንም ዘወትር ከምንጠቀምበት ዕቃ ውስጥ ጨመረችው።

ሴኔካ የተባለው የሮማ ፈላስፋ ስለ በጎ ውለታ ሰባት መጻሕፍት ጽፏል። በእነዚህም ውስጥ አጥብቆ የሚያስረዳው፥ ከሚሰጠው ነገር ይልቅ የሰጪው አሳብና አሰጣጡ እንደሚበልጥ ነው። አባቶቻችን ይህንኑ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለው በሁለት ቃል ጨርሰውታል። ምሳሌውን አብዛኛውን ጊዜ የምንተረጕመው ስለ አብይው ፊት ነው፤ ይኸውም ፊቱን አጥቁሮ ከሚያበላ ሰው ማዕድ ይልቅ የፈገግታው መልካም ነው ለማለት ነው። እኔ ግን የእናቴን ሥራ ባሰብሁ ቁጥር፥ ምሳሌው ሁለተኛም ፊት እንዳለው ይታየኛል። እርሱም የተቀባዩ ፊት ነው። ምግቡ ከተበላ በኋላ ሰውዬው ቀና ብሎ ሊያይህ ይችላልን? እንግዲህ የስጦታው ዋጋ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ይህ ነገር የሚፈተነው በደኅና ጊዜ አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሆነ። በ2013 ዓ.ም. የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ መቀሌ ሲጎርፍ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ የከተማውም ሰው ምንጣፉንና ብርድ ልብሱን እያወጣ ሰጠ፤ ብዙዎችም ተፈናቃዩን በገዛ ቤታቸው አስቀመጡት። ከዚያው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ግን ባንኮች ተዘጉ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ደመወዝ ቀረ። በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው የገዛ ገንዘቡን ማውጣት አልቻለም። ትናንት ለሌላው ያካፍል የነበረው መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ፥ ራሱ የሰው እጅ የሚያይ ሆነ።

እኔ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ነበርሁ። በ2014 ዓ.ም. የልደት ዕለት በቤታችን የሆነውን የሰማሁት ከዓመት በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ነው። በዚያን ዕለት የሚታረድ ቀርቶ ለጎረቤት የሚላክ አንዳች አልነበረም። አደይ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው ግን ከገጠር ዘመዶችዋ ጥቂት ጤፍ አግኝታ ኖሮ፥ በማለዳ በጓሮ በኩል መጥታ የተከደነ መሶብ አኖረች። «ለበዓል ነው» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። እናቴ መሶቡን አቅፋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ዕድሜዋን ሁሉ ስትሰጥ ለኖረች ሴት መቀበል ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። የሆነ ሆኖ ተቀበለች፤ አመሰገነችም። መሶቡን ስትመልስም አንድ እፍኝ ጨው አደረገችበት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ ብለህ ተመልከት። እናቴ በደጉ ዘመን ጎረቤትዋን በአደባባይ እየጠራች ሰጥታ፥ ጨዋንም ንቃ መልሳ ቢሆን ኖሮ፥ ያ መሶብ በክፉ ቀን ባልመጣ ነበር፤ ቢመጣም እንደ ብድር መመለሻ ወይም እንደ በቀል በታየ ነበር። የጓሮው መንገድ ግን ከሁለቱም ወገን የተጠረገ ስለ ነበረ፥ ማንም ሳያፍር ተመላለሱበት።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በታኅሣሥ 19 ቀን፥ ልደት 10 ቀን ሲቀረው፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቀሌ መንገደኛ ማመላለስ እንደ ገና ጀመረ፤ ተለያይቶ የነበረ ቤተ ሰብም በአውሮፕላን ማረፊያው እየተላቀሰ ተገናኘ። እኔም ለበዓሉ ደረስሁ። በሻንጣዬ ቡና፥ ስኳርና መድኃኒት፥ ለእናቴም አንድ ጋቢ ይዤ ነበር። ሻንጣው ተራግፎ ሳያልቅ እናቴ ቡናውንና ስኳሩን በትንንሽ ፌስታል እየቋጠረች ለየጎረቤቱ ትመድብ ጀመር። ወንድሜ፥ «ይህ እኮ ከሩቅ ለአንቺ የመጣ ነው» ብሎ አጉረመረመ። እርስዋም፥ «ለእኔ ከመጣ የማዝበትም እኔ ነኝ» አለችው። በዚያ ሰዓት ፊቷ እንደ በራ፥ በሁለቱ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ እንዳላየው ወንድሜ ነገረኝ። ያስደሰታት የስኳሩ ብዛት አልነበረም፤ ዳግመኛ ሰጪ ለመሆን መብቃትዋ ነው እንጂ።

በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒድስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎታል። የመጨረሻውን ዝቅተኛ ስፍራ የሰጠው ፊቱን አጥቁሮ ለሚመጸውት ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ያደረገው ደግሞ ድኻው በሥራ ወይም በብድር ራሱን ችሎ፥ የሰው እጅ ከማየት እንዲድን የሚረዳውን ነው። እናቴ የማይሞኒድስን ስም ሰምታ አታውቅም፤ ነገር ግን ከፍተኛው ስጦታ ተቀባዩን መልሶ ሰጪ የሚያደርግ መሆኑን ፊቷ ይመሰክር ነበር። በዓሉም ራሱ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሁሉ የእርሱ ነው የምንለው ጌታ፥ በበረት ሕፃን ሆኖ ከሰብአ ሰገል ወርቅና ዕጣን ከርቤም ተቀበለ። መቀበል ውርደት ቢሆን ኖሮ በዚህ ባልጀመረ ነበር።

ዛሬ በየከተማው ወጣቶች ተሰብስበው በበዓል ቀን አረጋውያንንና ተፈናቃዮችን ሲያበሉ ማየት የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ሊትር ዘይት ተሰጥቶ፥ የተቀባዩ ፊት በስልክ ካሜራ ተነሥቶ፥ በፌስቡክና በቲክቶክ ለሺሕ ሰው ሲታይ ልቤ ያዝናል። ዘይቱ በጥቂት ሳምንት ያልቃል፤ ሥዕሉ ግን አያልቅም። የዚያች ሴት ልጅ ነገ በትምህርት ቤት ጓደኞቹ ምን ይሉታል? «ሌላው አይቶ እንዲሰጥ ነው» የሚል ምክንያት ይቀርባል። ይህ ከንቱ ምክንያት አይደለም፤ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ገባ ማወቅ ይገባዋልና። ዳሩ ግን የተሰበሰበውን እህልና ዘይት፥ የሒሳቡንም መዝገብ ማሳየት ይቻላል። የሰው ፊት የሒሳብ ማስረጃ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ብልኆቹ ክርክር ልመለስ። ሰጪ ይደሰታልን? አዎን፥ ይደሰታል። ደስታው የገበያ ትርፍ መሆን አለመሆኑ ግን በቀላሉ ይለያል። የምትሰጠውን ማንም ሳያይልህ፥ ተቀባዩም በስጦታህ የወደደውን ሲያደርግበት፥ አንተም በተራህ ከእርሱ ስትቀበል ደስታህ ባለበት ከቆየ፥ ምስጋና አልገዛህም፤ ሰው አገኘህ እንጂ። ከእነዚህ በአንዱ ደስታህ ወደ ቅሬታ ከተለወጠ ግን ነጋዴ ነበርህና ሚዛንህን መርምር።

ስለዚህ የሚመጣው ልደት ሲደርስ፥ ከቤትህ የሚወጣው መሶብ ትንሽ ነው ብለህ አትፈር። በጓሮው መንገድ ሂድ፤ ክዳኑን በመንገድ አትክፈት። መሶቡም ሲመለስ በውስጡ ያለውን፥ አንድ እፍኝ ጨው እንኳ ቢሆን፥ በሁለት እጅህ ተቀበል።