ዋንዛውን አታጣድፈው

ልጄ፣ መቱ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈትክ አሉኝ። ደስ ብሎኛል። እጅህ የታረመ ነው፤ አውቀዋለሁ። የምሰጋው ጥድፊያህን ነው።

በኛ አገር የበርና የአልጋ እንጨት ዋንዛ ነው። ጎረቤቶችህ ዋዴሳ ይሉታል። ሙቀጫውም ከበሮውም ከእሱ ይወጣል። መላጊያ አያስቸግርም፤ ከደረቀ ደግሞ ቅርጹን አይለቅም። ፈረንጆች ቢች የሚሉት እንጨት አላቸው። ከዋንዛ ይጠነክራል፣ ግን እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል። ለኢሉባቦር ዝናብ እኔ ዋንዛን እመርጣለሁ።

ከደረቀ ነው ያልኩህ፣ ልጄ። እርጥብ ጣውላ በር ሆኖ ክረምቱን ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጋ ሲገባ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል። ቫርኒሽ አያድነውም። ደንበኛህም ዝም ብሎ ሌላ አናጺ ይፈልጋል፤ ለምን እንደቀረ እንኳ አይነግርህም።

ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገህ ደርድረው። በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት አስገባ። ጣሪያ ይኑረው፤ ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሁን። ፀሐይ አይምታው። ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀባው፤ በዚያ በኩል ቶሎ ስለሚደርቅ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ ጠብቀው። የመቱ ዝናብ ረዥም ነውና ወራት ይፈጅብሃል። ገንዘብህ ተቆልሎ ስታየው ያንገበግብሃል። ቢሆንም ጠብቀው።

ግንዱ ከየት እንደመጣም ጠይቅ። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። የያዩን ደንም ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. መዝግቦታል። በሌሊት የመጣ ግንድ ዋጋው ይረክሳል፤ አንድ ጊዜ ከገዛህ ግን ሻጩ ደጅህን ይለምዳል።

ገበሬ ቸግሮት ከቡናው መሃል ለጋ ዋንዛ ሊሸጥልህ ቢመጣ አትግዛው። ለእሱ ጥላ ነው፣ ለንቡም አበባ ነው። ላንተም ቢሆን አይጠቅምህም። የለጋ ዛፍ ቡናማ ልቡ ቀጭን ነው፤ የቀረው ነጩ ነው፣ ነጩን ደግሞ ነቀዝ ይወደዋል። እሱን ቡናማ ቀብተህ የምትሸጥ ልጅ አይደለህም።

የሙሽራ አልጋ ታዘሃል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቀኑም ቀርቧል አሉ። የደረቀ ጣውላ ከሌለህ ዛሬውኑ ሄደህ ንገራቸው። ቀብዱንም ይዘህላቸው ሂድ።