የሩቅ እህልና የቅርብ ጎረቤት

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን የማይቀበል የለም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ሲደረስ ግን የሚረሳ ይመስለኛል። ለመሆኑ በሕዝብ ገንዘብ ብዙ ሰው የሚመግብ ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ ለተተከለበት አገር ገበሬ አንዳች ዕዳ አለበት? ወይስ ግዴታው በተመደበለት ብር ሆድ መሙላት ብቻ ነው?

አሶሳን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ ያበቅላል። ማንጎው ወቅቱ ሲደርስ ገዢ አጥቶ ዛፉ ሥር ይበሰብሳል። በበርታ ቤት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ይቀርባል፤ በክረምት የቀርከሃ ቡቃያ ይበላል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን መመገቢያ አዳራሽ ግን የትም ይሠራ የት፣ የምግብ ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ነው፤ እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ በሻይ፣ ሩዝ፣ ፓስታ። ጤፉ የደጋ ነው፤ ሩዙ ብዙውን ጊዜ ባሕር የተሻገረ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳየን ሆስፒታል ነው። አስታማሚ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ሲገባ የአካባቢው እህል አብሮት ይገባል። በሽተኛ የሚያጽናናው የለመደው ምግብ መሆኑን ቤተሰቡ ሳይማር ያውቀዋል። እንግዲህ የአካባቢው ምግብ ሆስፒታል ከገባ ቆይቷል ማለት ነው፤ የገባው ግን በዘመድ ትከሻና በዘመድ ኪስ ነው።

«ከሩቅ የመጣውን ተማሪ ያለ ልማዱ ገንፎ ልናበላው ነው?» የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። በሽተኛው የለመደውን መብላት ካለበት፣ ተማሪውም ሰው ነው። ይሁንና የማሽላ እንጀራ ለወሎና ለሐረርጌ ልጅ እንግዳ አይደለም። ከምሳ በኋላ ማንጎ ቢቀርብለት የሚከፋው ተማሪም ያለ አይመስለኝም። የማንንም ልማድ ሳይነኩ ለጎረቤት ቦታ መስጠት ይቻላል።

ከበድ የሚለው ጥያቄ የገንዘቡ ነው። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ገባ። ገንዘቡ የሚወጣው በጨረታ ነው። ጨረታ ደግሞ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የጨረታ ማስከበሪያና ከሁሉም በላይ ክፍያ እስኪፈጸም የመጠበቅ አቅም ይጠይቃል። ማሳው ግማሽ ሄክታር የሆነ ገበሬ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣለታል? እህሉን በመኸር ወቅት በወረደ ዋጋ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ይጠብቃል፤ ትርፉም የጠባቂው ይሆናል።

ስለዚህ «ከአካባቢው ግዙ» ማለት ብቻውን ፍትሕ አይደለም። ገበሬው ሦስት ወር ክፍያ እንዲጠብቅ ከተደረገ፣ ተቋሙን በዱቤ የሚመግበው ድሃው ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ ለትምህርት ቤት ምገባ ከምትመድበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 ከመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች እንዲገዛ ስታዝ፣ ግዢው ያለ ተለመደው ጨረታ እንዲፈጸም ፈቅዳለች። ሸክሙን ከገበሬው ላይ አንሥታ ወደ ራሷ አዙራለች ማለት ነው። እኛም ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ከዘር በፊት ውል መዋዋልና እህሉ በተረከቡ ሰሞን መክፈል የሚያቅተን አይመስለኝም።

ደግሞ ጎረቤት የሚያስፈልገው ለደግ ቀን ብቻ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በወለጋ በኩል ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ችግር በተስተጓጎለ ጊዜ፣ የሩቅ እህል ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ታይቷል። በደህናው ቀን የጎረቤቱን ማሽላ ያልገዛ ተቋም፣ መንገድ በተዘጋ ዕለት በምን አፉ ይለምነዋል? ጉርብትና ከችግር በፊት የሚከፈል ዕዳ ነው።