ለውኃ የሚመሰክር ማን ነው?

በአውሮፓ የባሕር ዳርቻዎች የሚውለበለብ አንድ ሰማያዊ ሰንደቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ፈረንሳይ ውስጥ ተጀመረ፤ በ1987 በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተስፋፋ፤ ቆይቶም ወደ ሞሮኮና ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። መልእክቱ ውኃው ንጹሕ ነው፣ ልጆቻችሁን አስዋኙ የሚል ነው። የሚሰጠው ለአንድ ወቅት ብቻ ሲሆን፣ መስፈርቱ ከተጓደለ ይወርዳል። ሆኖም ናሙናው የሚመሰክረው ስለተቀዳበት ቀን ውኃ ነው። በማግስቱ ዝናብ የከተማውን እጣቢ ጠራርጎ ቢያመጣ፣ ሰንደቁ ስለዚያ የሚያውቀው ነገር የለም።

ውድ አንባቢያን፣ ባሕር የሌለን እኛ ስለ ባሕር ሰንደቅ ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ግን የባሕር ሳይሆን የምስክርነት ነው። ዓይናችን ስለማያየው ነገር ሌላው «መርምሬያለሁ፣ እመኑኝ» ሲለን በምን ሚዛን እንቀበለው? አቃቂ ቃሊቲ ለሚኖር ሰው ይህ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የመዲናዋንና የፋብሪካዎቿን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በዚሁ ውኃ የለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ገበያ ወጥቶ በየቤታችን ማዕድ ይቀርባል። በእነዚህ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን የሚናገሩ ጥናቶች መውጣት ከጀመሩ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል።

የፊቅህ ሊቃውንት ነጃሳ የገባበትን ውኃ የምንለይበት ሦስት ምልክት አስተምረውናል፤ ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ። ይህ ማንም ሙስሊም ውዱእ ሊያደርግ ሲል በራሱ የሚፈትነው ነው። ውኃ ውስጥ የሟሟ ጥቂት ክሮሚየም ወይም እርሳስ ግን አይሸትም፣ ላይታይም ይችላል። ስለዚህ የባለሙያ ምስክር ያስፈልገናል። «ሰርተፊኬት ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ መዝጋት ብልህነት አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው በእጁ የሚቀረው አፍንጫው ብቻ ነው፤ አፍንጫው ደግሞ ለዚህ አይበቃውም።

ታዲያ የትኛውን ምስክር እንመን? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ። ላዩ ደረቅ ነበር። እርሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣታቸውም እርጥበት አገኘ። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስታወቁ። እውነተኛ ተቆጣጣሪ ማለት ይህ ነው። ሻጩ ያሳየውን ሳይሆን ሻጩ የሸፈነውን ይነካል፤ ቀጠሮም አያስይዝም።

ሸሪዓችን ሌላም መለኪያ አለው። ከምስክርነቱ ለራሱ ጥቅም የሚያገኝ ሰው ቃሉ አይጸናለትም። ይህንን ወደ ዘመናችን አሠራር እናምጣው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጥናቱን የሚያስጠናውም ወጪውን የሚሸፍነውም የፕሮጀክቱ ባለቤት እንዲሆን ደነገገ። ዳኛው የመንግሥት አካል ቢሆንም፣ ምስክሩ ደመወዙን የሚቀበለው ከሚመሰክርለት ሰው ነው። አጥኚው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ አላህን የሚፈሩ ሞልተዋል። ነገር ግን ሐቀኛውን ለረሃብ፣ አድርባዩን ለጥጋብ የሚዳርግ ሥርዓት ሰዎችን ከአቅማቸው በላይ ይፈትናል።

በዚያው ዓመት የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳት ደርሶብኛል ማለት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቀደ። አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች የያኔውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ባለሥልጣኑ ራሱ በካይ አይደለም በማለት ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። በካዩ በጓሮ፣ ተቆጣጣሪው በቢሮ፤ ወንዙ ግን ባለቤት አልባ። አማና የተሰጠው ሰው አደራውን ባይወጣ ማን ይጠይቀዋል? በአኺራ መልስ እንዳለው አንጠራጠርም፤ በዱንያም ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። በወረቀቱ አንመን፤ የምስክርነት ሸርጦች ሲሟሉ ግን እንቀበለው። መርማሪው ከተመርማሪው ኪስ አይከፈለው። ናሙና ሳይታሰብ ይወሰድ፤ ውጤቱም ጎመኑን የምትገዛው እናት በምታነብበት ቋንቋ ይለጠፍ። የተሰጠው ምስክር ወረቀት ጥፋት ሲገኝ በአደባባይ ይነጠቅ፤ የማይወርድ ሰንደቅ ጌጥ እንጂ ምስክር አይደለም።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በሚጠቀምበት የውኃ ዳር መጸዳዳትን እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረውታል። የዒደል አድሓ እርድ ፈርሱንና ቆዳውን ወደ ወንዝ የሚጥል፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱን በሌሊት ወደ ቦይ የሚለቅ ሙስሊም ፋብሪካውን ለመውቀስ በምን አፉ ይናገራል? በነፍሳችን ላይም ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር ታዘናል። ለውኃው የመጀመሪያው ምስክር ከዳር የሚኖረው ሰው ነው።

ወላሁ አዕለም።