ዛፍ ያለበትን ቤት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት

አባታችን አብርሃም ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበት ቦታ በፈለገ ጊዜ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን እርሻውን በ400 ሰቅል ብር እንደ ገዛ በኦሪት ዘፍጥረት በ23ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ይህን ታሪክ ያላነበበ ካህን የለም፤ ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው አንድ ነገር አለበት። ይኸውም መጽሐፉ የተሸጠውን ሲቈጥር እርሻውንና ዋሻውን ብቻ ተናግሮ ዝም አላለም፤ በእርሻውና በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሁሉ በከተማው በር በተሰበሰቡት ሰዎች ፊት ለአብርሃም እንደ ጸኑለት ጨምሮ ይመሰክራል። ሬሳ ለመቅበር ለመጣ ኀዘንተኛ የዛፍ ነገር ምን ያደርግለታል ቢሉ፥ ቦታ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በላዩ የበቀለው የማን እንደ ሆነ ካልተነገረ ኋላ ጠብ መውለዱ አይቀርምና ነው።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ከዚያ ይልቅ ይጠብቃል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬት፥ በዚያው ዓመት በሐምሌ የከተማው ቦታ በዐዋጅ ከግል ባለቤትነት ከወጣ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ ይህንኑ አጽንቶ፥ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያቆመውን ግን መሸጥና ማውረስ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ልብ ብለን ብናየው በኮሶዬ ወይም በጎንደር ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ግድግዳውንና ጣራውን፥ ዐጥሩንና ዛፉን ነው። ዐፈሩ ሲቀነስ ከተሸጠው ዕቃ ሁሉ ረጅሙና ከባዱ ዛፉ ሆኖ ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1133ኛው ቍጥር፥ ዛፍ ከመሬት እስኪለይ ድረስ የመሬቱ ክፍል ነው፤ ሊለይ ውል የተደረገበት ግን እንደ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቈጠራል ይላል፤ ይህ ከኋለኛው ሕግ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ጠበቆች ይከራከሩበት። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ገዢ ምሰሶውን ይገፋል፥ በሩን ይከፍታል ይዘጋል፥ የጣራውን ቆርቆሮ አንጋጦ ያያል፤ ዛፉን ግን አንድ ጊዜ ተመልክቶ «ጥላው ደስ ይላል» ብሎ ያልፋል።

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በገደል አፋፍ ላይ ሆና ቆላውን ቍልቍል የምትመለከት ናት። ስሟ የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። ነፋሱ ከገደሉ ሲወጣ የሚከለክለው ስለሌለ፥ በዚያ የሚኖር ሰው ከግቢው ያለው ዛፍ ምን ያህል እንደሚጸና ማወቅ ለቅንጦት የሚያደርገው አይደለም። የደጋ ጽድ ደግሞ ጤናውን በመደበቅ ከዛፍ ሁሉ ይበልጣል። ቅርንጫፍ ሲገነጠል፥ እሳት ሲልሰው ወይም መጥረቢያ ሲያቈስለው በቍስሉ በኩል የእንጕዳይ ወገን የሆነ በሽታ ይገባና ልቡን ቀስ እያለ ይበላዋል። የዛፍ ልብ የሞተ እንጨት ነውና ሲበሰብስ ዛፉ አይታመምም፤ ውሃ ወደ ቅጠል የሚወጣው ከልጡ በታች ባለው በሕያው እንጨት ነውና ጫፉ እንደ ለመለመ ይኖራል። ስለዚህ ልምላሜን አይቶ ዛፍ ደኅና ነው የሚል ሰው የቅኔውን ሰም ሰምቶ ወርቁን እንዳገኘ እንደሚናገር ተማሪ ነው።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህን የሚመረምሩ የዛፍ ሐኪሞች አሉ፤ የዓለም ማኅበራቸው ከተመሠረተ ከእ.ኤ.አ. 1924 ወዲህ መቶ ዓመት አልፎታል። ቤት ሲሸጥ ወይም ሲገዛ ተጠርተው የግንዱን እግር ይመለከታሉ፥ እንጕዳይ የወጣበትን፥ ልጡ የተሰነጠቀበትን፥ ባዘነበለበት ወገን በተቃራኒ ዐፈሩ የተነሣበትን ይፈልጋሉ፤ በእንጨት መዶሻ እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ሲጠራጠሩም በቀጭን መሰርሰሪያ የእንጨቱን ጥንካሬ ይለካሉ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ዛፍ ያለበትን ቤት የገዛ ሰው ያለ ፈቃድ ቢቈርጠው ይቀጣልና ይህም ሳይገዛ በፊት ይጠየቃል። ሥሩም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በበጋ በሚሰነጠቅና በክረምት በሚያብጥ ዐፈር ላይ፥ እኛ ዋልካ በምንለው፥ ከግድግዳ አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍ ውሃውን መጥጦ መሠረቱን ሊያሰምጥ ይችላል። በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ቅጥር ላይ የወጡትን ዛፎች ያየ ሁሉ ሥሮቹ በድንጋዩ መካከል እንዴት እንደ ተጠላለፉ ያውቃል፤ ቅጥሩን ይዘውት ይሁን ወይስ እያፈረሱት ይሁን ቆሞ በማየት ብቻ የሚፈርድ ሰው ግን ደፋር ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ዛፍ ዐዋቂ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮሶዬ ያለውን የአባቴን ቤት ሸጥሁ። በግቢው አንድ ትልቅ ጽድና አንድ ኮሶ ነበሩ። የጽዱ ልብ ባዶ እንደ ሆነ አውቅ ነበር፤ በልጅነቴ ንቦች ገብተውበት አባቴ ከውስጡ ማር ይቈርጥ ነበር፥ ኋላም ቀዳዳውን በድንጋይና በጭቃ ደፈነው፥ ልጡም በዘመን ብዛት ገጠመበት። ገዢው ቅን ሰው ነበርና «የኔታ፥ ይህ ጽድ ደኅና ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ይህ ዛፍ ልቡን ለሰው አሳይቶ አያውቅም» አልሁት። እሱ መጥረቢያ ያልነካው፥ መብረቅ ያልሰነጠቀው ማለቴ መስሎት ሣቀ፥ «የኔታ እንኳ ለዛፍም ቅኔ አላቸው» ብሎ ለምስክሮቹ ነገራቸው፥ ውሉም ተፈረመ። ከዋጋው አንዲት ብር አልጐደለም።

ወደ ቤቴ ስመለስ «አልዋሸሁም» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። እንዲህ ያለው ማጽናኛ ግን ከእኔ በፊት የታወቀ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ44 ዓመት ስለ ተግባር በጻፈው በሦስተኛው መጽሐፍ፥ እንጨቱ የማይረባና ሊወድቅ የደረሰ ቤት ያለው፥ ጕድለቱንም እሱ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሊናገር ይገባዋልን ብሎ ይጠይቃል። የባቢሎኑ ዲዮጋንስ፥ ግዛ ብሎ ያስገደደህ የለም፤ ሻጭ ባይናገር አታለለ አይባልም ይላል። የጠርሴሱ አንጢጳጥሮስ ደግሞ ይህ መንገድ ለጠፋው ሰው መንገድ አለማሳየት ነው ብሎ ይመልስለታል፤ ሲሴሮም ለሁለተኛው ይፈርዳል። የጠርሴስ ሰው መሆኑ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ከተማ ኋላ ማን እንደ ወጣ እናውቃለንና። ዳሩ ግን የእኔ ነገር ከዲዮጋንስ ሰው ይከፋል። እሱ ዝም አለ፤ እኔ ተጠይቄ ተናገርሁ፥ ተናግሬም ደበቅሁ። ሰምና ወርቅ የተሠራው ሰሚው ወርቁን ፈልጎ እንዲያገኝ ነው፤ እኔ ግን እንዳያገኘው ብዬ ቀበርሁት። በጉባኤ ቤት ዓመታት የተማርሁት ጥበብ በገበያ ቀን ለዚህ ዋለ።

ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ እውነቱን ብትናገር ገዢው ዛፉን ያስቈርጠው ነበር፤ ዝምታህ ዛፉን አድኖታል። ይህ ክርክር ጥቂት እውነት ባይኖረው ኖሮ አላነሣውም። ባዶ ዛፍ ሁሉ ወዳቂ አይደለም፤ ቧንቧ ባዶ ሳለ እንደሚጸና ግንድም በዙሪያው ያለው ጤነኛ እንጨት በቂ ውፍረት ካለው ብዙ ዘመን ይቆማል፤ ባለሙያዎችም ከመካከሉ እስከ ልጡ ካለው ርቀት ሢሶው ያህል ጤነኛ መሆኑን እንደ መለኪያ ይይዙታል። ፈሪ ገዢ ግን መለኪያ አያውቅምና በወሬ ብቻ መጥረቢያ ያነሣል። ሆኖም ለዚህ መድኀኒቱ ዐዋቂ መጥራት ነበር እንጂ ሰውን አለማሳወቅ አልነበረም። ዐዋቂ ቢጠራ ኖሮ ምናልባት አንዱን ቅርንጫፍ አቅልሉለት ብሎ ዛፉንም ቤቱንም ያተርፍ ነበር። እኔ ያተረፍሁት ዋጋዬን ነው።

ጽዱ በሁለተኛው ክረምት በሐምሌ ሌሊት ወደቀ። ማድ ቤቱን ደፈጠጠው፥ አንዲት ጊደር ገደለ፤ ልጆቹ በትልቁ ቤት ተኝተው ነበርና በቸርነቱ ተረፉ። ገዢው ወደ ዳኛ አልሄደም፤ ወደ እኔ መጥቶ «የኔታ፥ አሁን ልቡን አሳየ» አለኝ። ወርቁን ያን ጊዜ አገኘው። የማድ ቤቱንና የጊደሯን ዋጋ ቈጥሬ ሰጠሁት፤ ከፊሉን ወስዶ ከፊሉን መለሰልኝ፥ ለምን እንደ መለሰም አልነገረኝም።

ባለፈው ዓመት እሱ ራሱ ቤቱን ሊሸጥ ተነሣና አስጠራኝ። የደን ትምህርት የተማረ አንድ ወጣት አምጥቶ ነበር፤ አዲሱ ገዢም ቆሟል። ወጣቱ የቀረውን ኮሶ ዙሪያውን በመጥረቢያ ጀርባ እየመታ ጆሮውን አስጠጋ። በሦስቱ ወገን ድምፁ ድፍን ነበር፤ በሰሜን በኩል ከእግሩ አጠገብ ግን እንደ ከበሮ ጮኸ። ሻጩ ወዲያው «በውሉ ላይ ይጻፍ» አለ፥ አዲሱ ገዢም ከዋጋው ቀነሰ። የኮሶውን ሕመም እኔ በሸጥሁ ጊዜ አላውቅም ነበር፤ አስመርምሬ ቢሆን ግን አውቀው ነበር፥ ያን ጊዜም ከእኔ ዋጋ ይቀነስ ነበር። የጽዱን ዕዳ ከፍያለሁ። በኮሶው የተቀነሰው ገንዘብ በእኔ ላይ ዕዳ ይሁን አይሁን ግን ከንስሐ አባቴ ጋር እስካሁን እየተከራከርንበት ነው፤ እሳቸው አይደለም ይላሉ።